ቢራው ሲፈላ በየቀኑ አትቅመሱት

ሰላም ነው ወገን! ዛሬ ስለዚች ቧንቧ ነው የማወራው፣ ፈርመንተሩ (ቢራው የሚፈላበት እቃ) ታች ያለችዋ። ቢራ ጠምቀን እርሾ ጨምረን ስናበቃ እጃችን አርፎ አይቀመጥም አይደል፣ ዛሬ ቀመስ ነገ ሃይድሮሜትር (የቀረውን ስኳር የምንለካበት) ነከር፣ እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደዛው ነበርኩ።

(ቧንቧውን ይከፍታል) አሁን ከላይ ኤርሎኩን እዩት፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ፈሳሽ የያዘች ጋዝ ማስወጫ። ከታች 200 ሚሊ ስቀዳ ከላይ 200 ሚሊ አየር ገባ፣ ቦታው ባዶ አይቀርማ! ኤርሎኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽም አንዳንዴ አብሮ ይሳባል፣ ስለዚህ ውሃ ሳይሆን ቮድካ አርጉበት። እስቲ ሂሳብ እንስራ፣ አየር 21 ፐርሰንቱ ኦክስጅን ነው፣ ከ200ው 42 ሚሊ፣ በክብደት ወደ 55 ሚሊግራም መሆኑ ነው። 20 ሊትር ቢራ ውስጥ ሁሉም ቢሟሟ በሊትር 2.7 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል። ሁሉም አይሟሟም እሺ፣ ግን ፋብሪካዎች ጠርሙስ ሲሞሉ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች ለማድረግ ነው የሚታገሉት።

«ካርቦንዳይኦክሳይድ ከባድ ስለሆነ ቢራው ላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል» የሚሉ አሉ፣ አይጠብቀውም፣ ጋዝ ከጋዝ ጋር ይቀላቀላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርሾው በደንብ እየሰራ ስለሆነ የገባችውን ኦክስጅን ራሱ ይበላታል፣ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ እርሾው ሲደክም ነው። በተለይ ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) የበዛበት አይፒኤ የሚባለው የቢራ አይነት ከሆነ መልኩ ይጠቁራል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ሲቆይ ደግሞ እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይላል። እናቶቻችን የጠላ ጋን አፉን የሚመርጉት በከንቱ መሰላችሁ? ከተከፈተማ በኋላ ቶሎ ነው የሚሆመጥጠው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለቴ ብቻ ቅዱ። አንዴ በ10ኛው ቀን አካባቢ፣ ከዛ ሁለት ሶስት ቀን ቆይታችሁ፣ የሃይድሮሜትሩ ቁጥር ሁለቴም ያው ከሆነ መፍላቱ አልቋል። ሪፍራክቶሜትር (ስኳሩን በብርሃን የሚለካ መሳሪያ) ያላችሁ ጠብታ ይበቃችኋል፣ ግን አልኮል ካለ ቁጥሩን ያሳስተዋል፣ ማስተካከያ ካልኩሌተር ተጠቀሙ። እኔ የምወደው ዘዴ ይሄ ነው፣ መፍላቱ ቀዝቀዝ ሲል በኤርሎኩ ቦታ ቱቦ አስገብታችሁ የልደት ፎይል ባሉን ታስራላችሁ፣ ቢራው ራሱ በጋዙ ይነፋዋል፣ ስትቀዱ በአየር ፋንታ ያው የራሱ ጋዝ ተመልሶ ይገባል። በደንብ እየፈላ እያለ ግን እንዳታስሩ፣ ይፈነዳል፣ ጣራ ማጠብ ከባድ ነው 😅

የቀዳችሁትን ደግሞ ወደ ፈርመንተሩ እንዳትመልሱ። ጠጡት።