«ፊልሙ ምን አስተማረን?» ለምትሉ
(በሐረር የፊልም ምሽቶች መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የክበባችን ልጆች፣ ከድሬ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ሰሞኑን ያየናቸው ፊልሞች ግምገማ» የሚል ነው። ሦስቱንም አነሳለሁ። ልቤ ያለው ግን አንዱ ላይ ነው።

ማክሰኞ ማታ «ፋያ ዳዪ»ን አይተናል። ዳይሬክተሯ ጄሲካ በሽር እዚሁ ሐረር ያደገች ናት። በአፍላ ዕድሜዋ ከአገር ወጣች፤ በኋላ ተመልሳ መጥታ ለዓመታት ቀረጸች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ታየ። ቀጥሎም ለኦስካር የዘጋቢ ፊልም ዘርፍ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፉት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ከማሳ አንስቶ ሰው ተሰብስቦ እስከሚቅምበት በርጫ ድረስ ጫትን ይከተላል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪ ያወራል። እንደ እኛ ማለት ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ጀምረን በሌላው እንደምንጨርሰው።

መብራት ሲበራ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ የተነሳው ወንድማችን «ፊልሙ ምን አስተማረን?» አለ። ሁለተኛው ቀጠለና «ታሪክ የለውም፣ መጨረሻውም አልታወቀም» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ገጽታችንን አበላሸ» ብሎ ቁጭ አለ። ጭብጨባም ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ደሜ ፈላ።

ያኔ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ይነግዳሉ። ስማቸውን አልጠራም። ማይክ ሲሰጣቸው እንቢ አሉ፤ ያለ ማይክ ተናገሩ። «ልጁን አያችሁት?» አሉ። መሐመድን ማለታቸው ነው፤ ጫት ለሚቅሙ ሰዎች እየተላላከ የሚኖረውን፣ ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ የሚያስበውን ልጅ። «አባቱን ከማናገሩ በፊት ፊቱን እንዴት እንደሚያየው አያችሁት? የኔም ልጅ እንዲህ ነው። የደብተር ብር ሊጠይቅ በር ላይ ይቆማል። አይገባም። አባቱ ጫት አምሮት ሐራራ ላይ ከሆነ ዝም ብሎ ይመለሳል። ቅሞ እስኪመረቅን ይጠብቃል። ያኔ ይገባና ይጠይቃል፣ ይሰጠዋልም። ስንት ዓመት እዚያው ቤት ስኖር ልጄ ስለሚያፍር የሚቆም ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንደማክሰኞው ያለ ጸጥታ እዚህ ክበብ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ እኔን ንገሩኝ። አንዲት እናት የገዛ ልጇን በር ላይ ቆሞ ካየችው፣ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? የትኛው ምክር ነው ይህን የሚያደርገው? እኛ ግን ለምደናል። ፊልም ማለት ቪላ ቤት ነው፣ መኪና ነው፣ አደጋ ነው፣ ሆስፒታል ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ይመጣና አሥር ደቂቃ ይመክረናል። እኛም ስንወጣ «አስተማሪ ነው» እንላለን። ምን ተማርን? ስለ ሱስ ስንት ስብከት ሰምተናል? ስንቱ ነው ሰምቶ በነጋታው የተወው? የሰፈራችንን ልጅ በስብከት አናድነውም! መጀመሪያ እንየው! ቀና ብለን፣ ፊቱን፣ በር ላይ ቆሞ እንየው!

ገጽታችን ተበላሸ ለምትሉ ደግሞ በግልጽ ልናገር። አምና የክበባችን ልጆች አጭር ፊልም ሊሠሩ ተነሱ። የራሳቸውን ሰፈር ነው የጻፉት። ከሰዓት በኋላ ጀጎል ውስጥ አንድ ግቢ አለ፤ አንድ ልጅ ገራባ፣ ማለትም ከቃሚዎች የተረፈውን የጫት ቅጠል ይጠርጋል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ጎን ለጎን የቤት ሥራውን ይሠራል። ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ጽሑፉ ተነበበ። ምን ተባሉ? «ገራባውን አውጡት። ጅብ አስገቡ፣ ቡና አስገቡ፣ ባህላዊ ልብስ ይኑርበት።» ጅቡንም እንወደዋለን። ጄሲካም እኮ ከ«ፋያ ዳዪ» በፊት ጅብ ስለሚያበላው ሰው አጭር ፊልም ሠርታለች፤ እሱም ቢሆን ለፖስት ካርድ የተቀረጸ አይመስልም። ግን ይህች ከተማ የቱሪስት ብቻ ናት እንዴ? ገራባውን የሚጠርገው ልጅ የሐረር ልጅ አይደለም? እሱን ከፊልም ስናወጣው ከግቢው የወጣ መሰለን እንዴ? ልጆቹ ጽሑፉን አጥፈው ተመለሱ። ካሜራውን ያዋሰን ሰው ካሜራውን መልሶ ወሰደ። አንደኛው ልጅ አሁን እዚህ የለም። ወዴት እንደሄደ ቤተሰቦቹ ያውቃሉ።

ወደ ሌሎቹ ልሂድ፣ ሰዓትም እየሄደ ነው።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅና ጩኒ የምትባል በግ ናቸው። እናቱ ሞታለች፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ዘመድ ጋ ጥሎት ሄዷል። አጎትየው ወንድ ልጅ ይረስ ይላል፤ ኤፍሬም ግን ማብሰል ነው የሚችለው። ሳንቡሳ ጠብሶ ገበያ ይወጣል። እኔ የወደድኩት ማንም ቆሞ «ወንድ ልጅም ማብሰል ይችላል» ብሎ አለመናገሩን ነው። ዘይቱ ይንጫጫል፣ እጁ ይሠራል፣ አለቀ።

«ድፍረት»ን ብዙዎቻችሁ ከዚህ በፊትም አይታችሁታል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘው ነው። የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ጠበቃዋ ትቆምላታለች። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ሠርተዋል። እንግዲህ ይህ ፊልም ሕግ ያስተምራል ብትሉኝ አልከራከርም። የያዘኝ ግን ሕጉ አይደለም። ያቺ ልጅ ተርፋም ቢሆን ወደ መንደሯ መመለስ ያለመቻሏ ነው። ተፈረደላት ብሎ ሰው አጨበጨበ፤ እሷ ግን የምትገባበት ቤት አልነበራትም።

ከድሬ የመጣችሁ እንግዶች የትርጉም ጽሑፉ ከኋላ አይነበብም ብላችኋል፣ ልክ ናችሁ። ስክሪኑ ከፍ ይላል።

የመጨረሻው ጉዳዬ ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች ነው። ልጆቹ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና አስገብተዋል። ደብዳቤው ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። ገራባውም አልወጣም፣ ልጁም አልወጣም። ካሜራ አግኝተናል፤ ግቢውን የፈቀዱልን ደግሞ እኚሁ የፈረስ መጋላዋ እናት ናቸው። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እንቀርጻለን። እስከ ዓርብ ፈርሙልን።

አመሰግናለሁ።