«ዶንት ሃቭ ቱ» ሲሉህ ምን ሰማህ?

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዳዊት ነኝ። እንደወትሮው ሜሮን አብራኝ አለች። ሜሮን ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ስታስተምር ዓመታት ሆኗታል። ዛሬ አንዲት ቃል ይዘን መጥተናል። «ሃቭ»።

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን። ቃሏን ያስመረጠን አንተ የነገርከኝ ታሪክ ነው። በእሱ ጀምርልን።

ዳዊት፦ እሺ። አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ሜሪላንድ፣ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። ዓርብ ማታ የመኪና ቁልፎች ሰሌዳው ላይ እየሰቀልኩ አለቃዬ መጣ። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ቱሞሮው» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። እኔ የሰማሁት «ነገ መምጣት የለብህም» የሚል ነው። በቃ፣ ተባረርኩ ብዬ ቁጭ አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።

ሜሮን፦ ከዚያስ?

ዳዊት፦ ቅዳሜ አልሄድኩም። ሰኞም አልሄድኩም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። «የት ጠፋህ? ደህና ነህ?» ይለኛል። ለካ ያን ቀን ያለኝ «ነገ ሥራ ቀዝቃዛ ነው፣ ከፈለግህ ና፣ ካልፈለግህ እረፍ» ነበር።

ሜሮን፦ ይኼ ያንተ ብቻ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፌ «ተርጉሙት» እላለሁ። አብዛኞቹ «መምጣት የለብህም» ብለው ይጽፋሉ። ቃል በቃል ካየኸው ልክ ይመስላል። «ሃቭ ቱ» አለብህ ነው፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ የለብህም። ግን እስቲ አስበው። አንድ ሰው «አርፍደህ መግባት የለብህም» ቢልህ ምን ማለቱ ነው?

ዳዊት፦ አታርፍድ።

ሜሮን፦ አየህ? የአማርኛው «የለብህም» ክልከላ ነው። እንግሊዝኛው ግን ግዴታውን ያነሳልሃል እንጂ አይከለክልህም። «ግዴታ የለብህም፣ እንዳሻህ» ነው። ለክልከላው እንግሊዝኛው ሌላ ቃል አለው፣ «ማስት ኖት»። ሁለቱን ማምታታት ፈተና ላይ አንድ ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል፣ ሥራ ቦታ ግን እንዳንተ እንቅልፍ ያሳጣል። ሐኪም «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ቴክ ኢት» ሲልህና «ዩ ማስት ኖት ቴክ ኢት» ሲልህ ደግሞ አስበው። አንደኛው መድኃኒቱን ባትወስድም ችግር የለም ነው። ሁለተኛው እንዳትነካው ነው።

ዳዊት፦ ይኼ እኮ በጣም ከባድ ነገር ነው።

ሜሮን፦ በጣም እንጂ። ለዚህ ነው ሰዋስው ደረቅ ነገር ነው ሲሉኝ የማልስማማው።

ዳዊት፦ ግን ትምህርት ቤት «ሃቭ» ማለት «አለኝ» ማለት ነው ተብለን ነው ያደግነው። «አይ ሃቭ ኤ ፔን»፣ እስክሪብቶ አለኝ። ከዚያ ድንገት «አይ ሃቭ ኢትን» ይመጣል። መብላት አለኝ? ምንድነው? ግራ ይገባሃል።

ሜሮን፦ እኔን የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው። እነዚህን ሥራዎች አማርኛም በአንድ ቃል ነው የሚሠራቸው። በ«አለ»። እስክሪብቶ አለኝ። መሄድ አለብኝ። በልቻለሁ።

ዳዊት፦ «በልቻለሁ» ውስጥ «አለ» የታለ?

ሜሮን፦ ቀስ ብለህ በለው። በልቼ... አለሁ። በልቻለሁ። በልተን... አለን፣ በልተናል። «አለ» ጫፉ ላይ ተጣብቋል። ሦስቱንም ሥራ በየቀኑ አፋችን ላይ ይዘን እየዞርን «ሃቭ ሦስት ነገር ነው» ሲሉን እንደነግጣለን።

ዳዊት፦ እኔ ይኼን ሰምቼ አላውቅም።

ሜሮን፦ አሁን ያልከው ራሱ ሌላ ምሳሌ ነው። «ሰምቼ አላውቅም»። «ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?» ስንል እንግሊዝኛው «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ላሊበላ?» ይላል። እኛ «ያውቃል» የምንልበት ቦታ ላይ እነሱ ያችኑ «ሃቭ» ያመጣሉ። ለእሱና ለእሷ ሲሆን «ሃቭ» «ሃዝ» ትሆናለች። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ጎንደር» ካልክ ሄዳለች፣ እዚያው ናት። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ጎንደር» ካልክ ሄዳ ታውቃለች፣ ተመልሳለች።

ዳዊት፦ እንዲህ ከተመሳሰሉ ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ሜሮን፦ አንዱ ባለቤቱ ላይ ነው። «ሁለት ልጆች አሉኝ» ስትል ግሱ የተስማማው ከልጆቹ ጋር ነው። «እህት አለችኝ»፣ ከእህትህ ጋር። አንተ ጭራው ላይ «ኝ» ሆነህ ቀረህ። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ አንተ ነህ። «አይ ሃቭ ቱ ቺልድረን»። ልጆቹ ሁለት ሆኑ አሥር፣ ግሱ አይነቃነቅም። ስለዚህ «ማይ ብራዘር ሃቭ» የሚል ተማሪ ሳገኝ «ማነው ያለው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ወንድሜ። እንግዲያው «ሃዝ»።

ዳዊት፦ ሌላውስ?

ሜሮን፦ «ትናንት»። ይቺ ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ምንም ችግር የለውም። ቃል በቃል ወስደህ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ስትል ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጠዋል። ያለቀ ጊዜ ከጠራህ፣ ትናንት፣ አምና፣ በ2010፣ «ሃቭ» ትወጣለች። «አይ ሶ ሂም የስተርደይ»፣ አለቀ።

ዳዊት፦ አሜሪካኖቹ ደግሞ በልቻለሁ ለማለት «አይ ኦልሬዲ ኤት» ይላሉ። «ሃቭ» የለበትም።

ሜሮን፦ አዎ፣ እንግሊዞቹ «አይቭ ኦልሬዲ ኢትን» ማለት ይቀናቸዋል። ሁለቱም ትክክል ነው። በዚህ አትጨነቁ።

ዳዊት፦ እስቲ የፀጉሩን ንገሪያቸው። እኔ የወደድኩት እሱን ነው።

ሜሮን፦ ፀጉር ቤት ደርሰህ ስትመጣ «አይ ከት ማይ ሄር» ካልክ ሰው የሚረዳው አንተው ራስህ መቀስ ይዘህ እንደቆረጥከው ነው። «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ነው የሚባለው፣ «ሃድ» ያለፈው ጊዜ «ሃቭ» ናት። አሁንም አማርኛው አለልህ። መኪናዬን ሠራሁ አትልም፣ አሠራሁ ትላለህ። ቀሚስ ሰፋሁ ሳይሆን አሰፋሁ። ቤቱን ቀባሁ ሳይሆን አስቀባሁ። እኛ ግሱ ፊት «አ» ወይም «አስ» እንጨምራለን፣ እነሱ «ሃቭ» ያስገባሉ።

ዳዊት፦ የቃሉ ቦታም ለውጥ ያመጣል ያልሽው?

ሜሮን፦ እሱ ነው ዋናው። «አይ ሃድ ማይ ካር ፊክስድ»፣ መኪናዬን አሠራሁ። «አይ ሃድ ፊክስድ ማይ ካር»፣ ቀደም ብዬ በገዛ እጄ ሠርቼው ነበር። ቃሎቹ ያው ናቸው፣ «ካር» እና «ፊክስድ» ቦታ ተለዋወጡ እንጂ። ደግሞ ታሪክ አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ደብዳቤውን ተጽፎ ይዤዋለሁ» የሚል ዓይነት አነጋገር ነበር። እዚያ «ሃቭ» እውነተኛ መያዝ ነው። በጊዜ ብዛት መያዙ እየሳሳ ሄዶ «ጽፌዋለሁ» የሚለው ብቻ ቀረ።

ዳዊት፦ አንድ ተማሪሽ «ሃቭ» ከኛ «ሀብት» የመጣ ነው ብሎሽ ነበር አይደል?

ሜሮን፦ ብሎኛል፣ ጥያቄውንም ወድጄዋለሁ። ግን አይዛመዱም። «ሀብት» ከግዕዙ «ወሀበ» ነው፣ ሰጠ ማለት ነው። ሀብት የተሰጠ ነገር ነው። ቢገርምህ የላቲኑ «ሃቤሬ» እንኳን ድምፁም ትርጉሙም ከ«ሃቭ» ጋር አንድ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ሌላ ነው።

ዳዊት፦ ከመለያየታችን በፊት ድምፁን በይልን። አለቃዬ ሲናገር «ሃቭ ቱ» አይደለም የሚለው።

ሜሮን፦ «ሃፍቱ» ነው የሚሉት፣ «ቭ» ወደ «ፍ» ትለወጣለች። አንድ ቃል ነው የሚመስለው። ፊት ለፊቷ «ዶንት» መኖር አለመኖሩን ግን በደንብ አዳምጡ። ካልሰማችሁ «ዱ አይ ሃፍቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግዴታዬ ነው ወይ ማለት ነው። ማንም አይቀየማችሁም።

ዳዊት፦ ያን ዓርብ ማታ ይቺን ሦስት ቃል ባውቃት ኖሮ...

ሜሮን፦ ምን ይልህ ነበር?

ዳዊት፦ «ኖ፣ ኦንሊ ኢፍ ዩ ዋንት ቱ»፣ አይ፣ ከፈለግህ ብቻ። እኔም ያን ሌሊት ተኝቼ አድር ነበር።