የኋላ ጎማ፣ እንደገና

እሺ። የተራራ ሳይክል የኋላ ጎማ፣ የቱን እንግዛ የሚለው። አውቃለሁ፣ ባለፈው ተዘግቷል ተብሎ ነበር። "ስፋቱ 2.4 ኢንች የሆነ ግዙና ተገላገሉ" ተባለ፣ ተሳቀ፣ አለቀ። ግን አልተዋጠልኝም።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና አስቡት። ሃርድቴይል ሳይክል (ሾኩ ፊት ብቻ የሆነ)፣ ቁልቁለት፣ ጠርዙ የተሰበረ ጉድጓድ። ፊት ያለው ሾክ 100 ሚሊሜትር ስለሚታጠፍ የፊቱ ጎማ ዋጥ አድርጎት ያልፋል። ከዚያ የኋላው ይደርሳል። እዚህ ጋ አቁሙት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የነጂው ክብደት እሱ ላይ ነው፣ ከኋላ ሾክ የለም፣ ያለው ንፋስ ብቻ። ጎማው 2.1 ኢንች፣ ንፋሱ 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ከሆነ የጉድጓዱ ጠርዝ ላስቲኩን ጨፍልቆ ቸርኬው ጋ ይደርሳል፤ የውስጡ ጎማ መሀል ላይ ይቆነጠጣል። ጧ! ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ፣ እባብ የነደፈው ይመስል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ሚስማር ስትፈልጉ አትዋሉ፤ ንፋስ አንሶት ነው።

አሁን መልሱት። ያው ጉድጓድ፣ ያው ፍጥነት፣ ንፋሱ 45። አይተነፍስም። ግን ይነጥራል፣ መሬት ይለቃል፤ ጎማው አየር ላይ እያለ ደግሞ የኋላ ፍሬን የለም። ወገብማ... ወገቡን ተዉት። በነገራችን ላይ ጎሚስታ ጋ "ንፋስ ሙላልኝ" ብቻ አትበሉ፣ ቁጥሩን ንገሩት።

ሦስተኛ፣ አሁንም ያው ጉድጓድ። 2.35 ጎማ፣ 70 ኪሎ ለሚሆን ሰው 30 ፒኤስአይ አካባቢ። 2.1 ማለት 53 ሚሊሜትር ነው፣ 2.35 ደግሞ 60። 7 ሚሊሜትር ምን ትሠራለች? ጎማው ሲሰፋ ቁመቱም ይጨምራል፣ ስለዚህ ጠርዙ ቸርኬው ጋ ሳይደርስ ገና የሚጨፈለቅ ቦታ አለው።

ስለዚህ ሰፊ ግዙ ልል ነበር። ልል ነበር እንጂ... እንጦጦ አለ። ክረምት፣ ቀይ ጭቃ። ከፔዳሉ ወደ ኋላ በሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች መሀል፣ በጠባቡ ቦታ፣ በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ካልተረፈ ጭቃው አሸዋውን ይዞ ፍሬሙን እንደ ሞረድ ይበላዋል። መጀመሪያ ክፍተቱን ለኩ። ጎማው ላይ ደግሞ ትንንሾቹን ቁጥሮች አንብቡ፦ 57-622 ቢል 57ቱ ስፋቱ ነው፣ 622 የ29 ኢንች ቸርኬ። 584 የ27.5፣ 559 የ26። ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ ከተጻፈው ሊሰፋ ይችላል፣ እሱንም አስቡበት።

ጥርሱ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ እኔ መጨረሻ ነው የማየው። መሀሉ ጠጋ ጠጋ ያለ አስፋልት ላይ ይሮጣል፣ ጭቃ ላይ ግን ተለስኖ ዳቦ ይሆናል። የኋላው ቢንሸራተት ይመለሳል፣ የፊቱ ሲንሸራተት ነው መሬት የምትስሙት። ስለዚህ የሚይዘው ለፊት።

ያልተዋጠልኝ ጎኑ ነው፣ የጎማው ጎን። በአንድ ኢንች 120 ክር ያለው ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ኮረኮንቹን ያለዝበዋል፤ ግን ሹል ድንጋይ ቶሎ ይቀደዋል። 60 ክር ያለው ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ይችላል። እና ሰፊና ስስ? ወይስ ጠበብ ያለና ወፍራም? ቸርችልን ሳስብ አንዱን እላለሁ፣ እንጦጦን ሳስብ... ቆይ፣ ፊት የነበረውን ወደ ኋላ አዙሮ ለፊት አዲስ መግዛትስ? እሱ ደግሞ ሌላ... እንጃ፣ 6 ሚሊሜትሯ ከተገኘች...