እስኪሰነፍጥ ድረስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ክረምቱ ሲወጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል ሰምታችኋል። እህል ባለቀበት ወራት ቤተሰቡን ያከረመው ቅጠል አዲሱ እህል ሲደርስ ከቤት ይሸኛል። ይህ አባባል ልጅ ሆኜም ደስ አይለኝም ነበር። ቅጠሉ የያዘውን ካወቅሁ ወዲህ ደግሞ ጎመንን ያለ ስሙ ስም የሰጠነው ይመስለኛል።

ነገሩ የገባኝ በሰናፍጭ ነው። እናቴ በጾም ወራት ሰናፍጭ ስትፈጭ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ደረቁን ዱቄት አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ ባሸተው ምንም አይለኝም። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣው ትንሽ ሲቆይ ግን ክዳኑን ከፈት ሳደርግ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። «ቅድም ለምን ዝም አለ?» ስላት፣ «ውሃ ሲያገኝ ነው የሚሰነፍጠው፤ ክደኚውና ተዪው። የፈላ ውሃ እንዳትጨምሪበት፣ ይሞታል» ትለኛለች።

እናቴ ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ የተናገረችው ግን ኬሚስትሪ ነው። ሰናፍጭ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ሁሉም ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሏቸው። እነዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ አይሰነፍጡም። እነርሱን የሚሰባብረው ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከእነርሱ ተለይቶ በሌላ ቦታ ተቀምጧል። ትል ሲነክሰው ወይም ቢላዋ ሲያርፍበት ሕዋሱ ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ ከብሮኮሊ ሰልፎራፌን የተባለውን ውህድ ለይተው አወጡ። ይህ ውህድ የሰውነታችን ሕዋሳት ጎጂ ነገሮችን የሚያከሽፉባቸውን ኢንዛይሞች እንዲያበዙ ያነሣሣቸዋል። በ1997 ደግሞ የሦስት ቀን የብሮኮሊ ቡቃያ የሰልፎራፌኑን መነሻ ካደገው ብሮኮሊ ከ10 እስከ 100 እጥፍ አብልጦ ሊይዝ እንደሚችል አሳዩ።

የእኛው ጎመንስ? የሐበሻ ጎመን የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የተገኘ ተክል ነው፤ ይህን ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ጽፎታል። ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚ፣ ወርሶ 17 ጥንድ ይዟል። ጎመን ሲከተፍ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የወላጁ ጠረን ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፣ ውህዱም ከውሃው ጋር ይሄዳል። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከተረፈው ጥቂቱን ይለውጡታል፤ ግን ለምን በጥቂቱ እንበቃለን? እኔ አሁን ጎመኑን አስቀድሜ አጥባለሁ፣ ከትፌም ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ሰሌዳው ላይ እተወዋለሁ። ውሃ አላበዛም። ከእሳት ካወረድሁ በኋላ ሰናፍጭ ጣል አደርግበታለሁ፤ የሞተውን ኢንዛይም ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በእንግሊዝ የተሠራ ጥናት በበሰለ ብሮኮሊ ላይ የሰናፍጭ ዱቄት ሲጨመር ሰውነት የሚያገኘው ሰልፎራፌን ከአራት እጥፍ በላይ እንደጨመረ አሳይቷል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። አክስቴ በካንሰር ታማ ሳለች «የጎመን ጭማቂ ያድንሻል» ብለው ሕክምናዋን ሊያስተዋት የተቃረቡ ሰዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጎመን ምግብ እንጂ የካንሰር መድኃኒት አይደለም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቅጠሉ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። እንቅርት ያለበትም አዮዲን ያለውን ጨው መጠቀሙን አያቋርጥ፤ እነዚህ ውህዶች ሲበዙ የአዮዲንን ሥራ ያውካሉና።

ባለፈው ረቡዕ እናቴ ዘንድ ነበርሁ። እጇ ስለደከመ ሰናፍጩን የምፈጨው እኔ ነኝ። በጥብጬ ከደንሁት፣ ጎመኑንም ከትፌ ተውሁት። ጥቂት ቆይታ ከተቀመጠችበት ሆና «ሰነፈጠ?» አለችኝ። ክዳኑን አነሣሁና ዓይኔን እየጠረግሁ ወሰድሁላት።