«ስንት ደቂቃ ነው ጤነኛው?» እና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባለትዳር ነኝ። ባለቤቴን እወደዋለሁ፣ ግንኙነታችንም ደስ ይለኛል። ነገር ግን እሱ ሲገባ ብቻ ረክቼ አላውቅም። ጉድለት አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም፣ እህቴ። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል፤ መልሱም ያው ነው። የሴት ዋናው የእርካታ አካል ቂንጥር ነው። ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ሲሆን ቀሪው በብልት ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ስሜት ሲነሳም እንደ ወንድ ብልት በደም ይሞላል። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል የዚህን አካል ትክክለኛ ስፋት በዝርዝር ያሳየችው ገና በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ሐኪሞች እንኳ ዘግይተው የተማሩትን ባልሽ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ንገሪው።

በአሜሪካ 1,055 ሴቶች በተጠየቁበት ጥናት፣ በመግባት ብቻ እንረካለን ያሉት 18 በመቶ ገደማ ናቸው። ከ52,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ከሴት ጋር ከሚተኙ ወንዶች 95 በመቶው ዘወትር ወይም አብዛኛውን ጊዜ እንረካለን ብለዋል፤ ከወንድ ጋር የሚተኙ ሴቶች 65፣ ከሴት ጋር የሚተኙ ሴቶች ግን 86 በመቶ። የሴቶቹ አካል አንድ ነው፤ የሚለየው አልጋ ላይ የሚደረገው ነው። ስለዚህ ንክኪው ጫፉ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ከጎኑ ወይም ከሸፈነው ቆዳ በላይ ቀስ ብሎ ይጀመር። ሰውነትሽ እየጋለ ሲመጣ ፍጥነትና ግፊት አይቀያየር፤ «እንደዚሁ» ስትይው እንደዚሁ ይቀጥል። የረካሽ መምሰል ግን ይቅርብሽ፤ የማይሠራውን ነገር ትክክል ነው ብለሽ እያስተማርሽው ነው።

ጥያቄ፦ ጤነኛ ወንድ ስንት ደቂቃ ይቆያል? እኔ 4 ደቂቃ ገደማ ነኝ። ጓደኞቼ ግማሽ ሰዓት ይላሉ።

መልስ፦ ጤነኛ ነህ። በ5 አገራት 500 ጥንዶች ለ4 ሳምንታት ሰዓት ይዘው ሲለኩ፣ ግማሾቹ ከ5.4 ደቂቃ በታች ነው የቆዩት። ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ብዙውን ጊዜ በ1 ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሚጨርስ፣ መቆጣጠር የተሳነውና በዚህም የሚጨነቅ ነው።

መለማመድ ከፈለግህ መንገድ አለ። መጀመሪያ ብቻህን በእጅህ፦ ሊመጣ ሲል አቁም፣ ግለቱ እስኪበርድ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቅ፣ እንደገና ጀምር። 3 ጊዜ አቁመህ በ4ኛው ልቀቀው። በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ከባለቤትህ ጋር። የሚያደነዝዝ ቅባት ግን ሐኪም ሳያዝልህ አትቀባ። ከግንኙነት በፊት ካልተጠረገ ወይም ካልታጠበ እሷንም ያደነዝዛል። ሰውነት የሚናገርበትን አፍ በቅባት አትዝጉበት፤ ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ራስን በራስ ማርካት ዓይን ያጠፋል፣ መካን ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያደርግም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 56 ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ብልቴ እንደ ድሮው አይቆምም። ጓደኛዬ ሰማያዊ ክኒን ሰጠኝና ሠራልኝ። አሁን በሁለት ብጨምረውስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ምንም አይውሰዱ፤ የሚቀጥለውንም በጥሞና ይስሙኝ።

የክኒኑ ስም ሲልዴናፊል ነው፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግሩ ማዘዣው የጓደኛ ኪስ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የሚያሰፋውም የብልቱን ብቻ አይደለም። ለደረት ሕመም የሚሰጡት፣ ናይትሬት የሚባሉት እነ ናይትሮግሊሰሪንም የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ የደም ግፊት በአንዴ ይወድቃል፤ ሰው ይሞታል። ሲልዴናፊል ከወሰዱ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የተባለው ተመሳሳይ ክኒን ከሆነ 48 ሰዓት ናይትሬት የለም። ከጠርሙስ የሚሸተተው ፖፐርስም ናይትራይት ነው፤ ጉዳቱ ያው ነው። ለፕሮስቴት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ግፊት ያወርዳሉ። ክኒኑን ወስደው ደረትዎን ካመመዎ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገሩት ስለ ክኒኑ ይሁን፤ ካፈሩ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ናይትሮግሊሰሪን ይሰጡዎታል።

መጠኑም ልክ አለው። አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ በ25። ጣሪያው 100 ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥም አንዴ ብቻ። ከግንኙነቱ 1 ሰዓት ያህል ቀድሞ ይወሰዳል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ያዘገየዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጠግቦ ይበላል፣ ክኒኑን ይወስዳል፣ ሲዘገይበት ሁለተኛ ይደግማል። ደግሞም ስሜት ካልተነሳ ክኒኑ ብቻውን አያቆመውም። ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ ወይም ዓይን በድንገት ከጨለመ በሩጫ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ያልተጻፈበት ሲልዴናፊል የተገኘባቸው ብዙ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የብልት የደም ሥር ከልብ የደም ሥር ይጠባል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚደፈነው እሱ ነው። ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። በስኳርና በግፊት ላይ ሲጨመር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህንን ነው አፉን በክኒን አትዝጉበት የምለው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይዩ፤ ልብዎ፣ ስኳርዎና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ይታዩ። ክኒኑ የሚገባዎ ከሆነ እሱ ራሱ ያዝልዎታል።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ የምተኛውም ከወንድ ጋር ነው። ኮንዶም ላይ ቫዝሊን እንቀባለን፤ ግን ይቀደዳል።

መልስ፦ የሚቀደደው በቫዝሊኑ ነው። ማንኛውም ዘይትና ቅባት ላቴክስን፣ ማለትም ኮንዶሙ የተሠራበትን ጎማ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማል። በውሃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ተጠቀሙ፤ ፊንጢጣ የራሱ ርጥበት ስለሌለው በብዛት ቀቡ፣ ሲደርቅም ጨምሩ። ኖኖክሲኖል-9 የተባለ ንጥረ ነገር ያለበትን አትግዙ፤ ስስ ቆዳውን እያቆሰለ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል። ሁለት ኮንዶም መደራረብም አይረዳም። የሚያደነዝዝ ቅባትማ ፈጽሞ፦ ሕመም ካልተሰማ መቀደዱ አይታወቅም። ይህ ወንድና ሴትንም ይመለከታል፤ እነሱ ደግሞ ከፊንጢጣ ወደ ሴት ብልት ከመሸጋገራቸው በፊት ኮንዶም ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ያልፈለግሁት ሰው ሲነካኝ ሰውነቴ ረጠበ። ፈልጌ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ሰውነት ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ፈቃድ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ የብልት ምላሽና የሚሰማን ስሜት ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ ታየ፤ ፍጹም መስማማት 1 ቢሆን ለወንዶች 0.66፣ ለሴቶች 0.26 ነው። ወንድም ተገዶ ሊቆምበት ይችላል። ጥፋቱ የነካሽ ሰው ነው። ተገደሽ ግንኙነት ተፈጽሞብሽ 72 ሰዓት ካላለፈ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ይጀመርልሻል፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ ቶሎ ሲወሰድ ግን ይሻላል። ጊዜው ካለፈም ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ እይ፤ ይህን ብቻሽን አትሸከሚው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሴቶች ነን። በሽታ ይተላለፍብናል?

መልስ፦ ይተላለፋል፤ በተለይ ኸርፐስ (ብልትን የሚያቆስለው ቫይረስ) እና ኤች ፒ ቪ (የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ)። የጋራ የወሲብ መጫወቻ ካላችሁ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሻገር ይታጠብ ወይም አዲስ ኮንዶም ይልበስ። የማኅፀን በር ምርመራም «ወንድ አልነካንም» ተብሎ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ስንገናኝ ያመኛል፤ «ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል።

መልስ፦ አትለምጂው፤ የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እስክትታዪ ድረስ ምንም ነገር አይግባ፣ የሕመም ማስታገሻ ወስዶ መቀጠልም የለም።