ከኮምፒውተሩ ጎን ያለው ደብተር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ኢአርፒ፣ ማለትም የድርጅትን ግዢ፣ ክምችት፣ ሽያጭና ሂሳብ በአንድ ስለሚያያይዘው ሲስተም ነው፤ በተለይ ፊቱ ቁጭ ብለው ስለሚውሉት ሰዎች። በቃሊቲ፣ በገላን፣ በዱከም መስመር ያሉትን መጋዘኖች አስቡ። ሲስተሙ ገብቷል፣ ሥልጠናም ተሰጥቷል፤ ንብረት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ግን አሁንም ደብተር አለ። ሠራተኛው በሲስተሙ ረክቷል ወይ ሲባል፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ያንን ደብተር ነው።

ፌሮ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሟል እንበል። ሲስተሙ ዕቃ ገቢ ለማድረግ የጸደቀ የግዢ ትዕዛዝ ይፈልጋል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ኃላፊ ገና አላጸደቀም። ሾፌሩ መች ይጠብቃል? ዕቃው ይራገፋል፣ ቢን ካርድ (የመጋዘኑ የወረቀት መዝገብ) ላይ ይጻፋል፣ ሲስተሙ ላይ የሚገባው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ሽያጭ ክፍሉ ስክሪኑ ላይ ዜሮ እያየ ደንበኛ ይመልሳል። የእርካታ መጠይቅ ሲመጣ «ሲስተሙ አይታመንም» ብሎ የሚሞላው ሽያጭ ነው፤ እግሩ የታሰረው ግን ማጽደቂያው ላይ ነው።

መለኪያውም አለ። ትዕዛዙ በኪሎ፣ ርክክቡ በቤርጋ (በዘንግ ቁጥር)። የባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፤ በስሌት 10.66 ኪሎ ገደማ። ሚዛን ላይ ግን ትንሽ ይለያያል፣ ልዩነቱም እየተጠራቀመ ቆጠራ ላይ ይወጣል። ክምችቱ በቤርጋ፣ ዋጋው በኪሎ እንዲያዝ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ዕቃው መጀመሪያ ሲመዘገብ ነው መስተካከል ያለበት፣ እንቅስቃሴ ከጀመረ በኋላ መለኪያ መቀየር መከራ ነው።

መጠይቅ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው፣ ሲስተም ለመጠቀም ምን ያህል እንደሚቀል የሚለካው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ (SUS) አጭርና ነጻ ነው። መልሱ ከ1 እስከ 5፤ ከጎዶሎ ቁጥር ጥያቄዎች (1፣ 3፣ 5…) መልስ 1 ትቀንሳላችሁ፣ የሙሉዎቹን (2፣ 4፣ 6…) መልስ ከ5 ላይ ትቀንሳላችሁ፣ ድምሩን በ2.5 ታባዛላችሁ። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው፣ የብዙ ሲስተሞች አማካይ 68 አካባቢ ነው፤ 70 ቢወጣ «ሰባ በመቶው ረክቷል» ማለት እንዳልሆነ ለአለቆች አስቀድማችሁ ንገሩ። ውጤቱንም በየክፍሉ ለዩት፤ የፋይናንስና የመጋዘን ሰው አንድ ላይ ሲደመሩ የሁለቱም ቅሬታ ይጠፋል።

ቀጥሎ የአንድ ሳምንት ደብተር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ማጽደቅ ያዘገየው፣ መለኪያ ያስቸገረው፣ ኔትወርክ ወይም መብራት የጠፋበት፣ እያላችሁ ለዩ። የመጀመሪያው ከበዛ፣ ጊዜያዊ ገቢ ይፈቀድ፦ የዕቃው ብዛት ሲስተሙ ላይ ይታያል፣ ክፍያው ትዕዛዙ እስኪጸድቅ ይታገዳል። ደብተሩን በማስታወቂያ መከልከል ግን አይሞከር። መሳቢያ ውስጥ ይደበቃል፤ ቆጠራ ሲደርስ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት እንኳ አታገኙም።