«ሂሳብ!» ሲባል ማን ይደምራል?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጅማ ወዳጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እዚህ ከተማ ስመጣ ኦሮምኛ አልችልም ነበር። አንድ ሐሙስ ቡና ልገዛ ገበያ ወጣሁና አንዲት እናት ፊት ቆምኩ። ጀንፈል ዘግነው አሳዩኝ። እኔ የፈለግኩት የተፈለፈለውን ነው። ምን ልበል? መዳፎቼን አፋተግኩና «እፍ» አልኩ። ሳቁ። ከኋላቸው ሌላ ጆንያ ፈቱ።

በሳምንቱ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መዳፋቸውን አፋተጉ። ያን ቀን «ያው ነው?» ማለታቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እያፋተጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልቋል ማለት ነው። ከዚያማ ጎረቤት ነጋዴዎቹ ሁሉ ባዩኝ ቁጥር መዳፍ ማፋተግ ሆነ ሥራቸው። ስሜ ሆኖ አረፈው! ማናችንም ተሰብስበን አልወሰንንበትም።

ቃልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሂሳብ ክፍል ውስጥ መደመርና መቀነስ ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ግን ማንም አይደምርም፤ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። የባጃጅ ሹፌር «ኮንትራት ነው?» ቢላችሁ ውል አትፈርሙም። ባጃጅ ራሱ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው። ዛሬ ሌላ ፋብሪካ የሠራውም ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ነው። ፈላስፋው ሉድቪግ ዊትገንስታይን፣ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ትርጉም አጠቃቀሙ ነው ይል ነበር። ጅማ መጥቶ ባጃጅ ቢሳፈር ያን ያህል ገጽ ባልፈጀ ነበር።

«መጀመሪያ ቋንቋው ይሠራል፣ ከዚያ ሰው ይናገርበታል» ለሚሉኝ የኒካራጓ ልጆችን አነሳለሁ። መስማት የተሳናቸው ልጆች እዚያ በየቤታቸው ተነጥለው ነበር የሚያድጉት። እያንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ የሚግባባበት ጥቂት ምልክት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1977 ማናጉዋ ውስጥ ልዩ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1983 በሁለት ትምህርት ቤቶች ከ400 በላይ ሆኑ። መምህራኑ ስፓኒሽ በከንፈር ንባብ ሊያስተምሯቸው ሞከሩ፤ እምብዛም አልሠመረም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ የየቤታቸውን ምልክት አዋጡ። እኔን የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በኋላ የገቡት ትንንሾቹ ከታላላቆቻቸው የተቀበሉትን እንዳለ አልተዉትም። ማን ምን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ እጃቸውን በሚያዞሩበት አቅጣጫ መለየት ጀመሩ። ሰዋስው ማለት እኮ ይኸው ነው። እኔና የገበያዋ እናት አንዲት ቃል ይዘን ቀረን፤ እነሱ ሙሉ ቋንቋ አወጡ።

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ መዳፋቸውን ማፋተግ ጀምረዋል። ውጭ ቡና ተፈልቷል። ቁርስም አለው፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ።